የራስ ሁለት ቤት

ባለፈው ጥቅምት አንድ የምህንድስና ተማሪ ቅዳሜ ቅዳሜ ቅኔ ከማስተምርበት ክፍል መጥቶ ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ጉባኤው ሲበተን ስልኩን አወጣ። ከየደብሩ የቀረጻቸው 300 ያህል ቅኔዎች አሉት፤ ግማሹን ከነምሥጢሩ በቃሉ ይዞታል። «የኔታ፣ ስንት ቅኔ ስይዝ ነው ሊቅ የምባለው? ቁጥሩን ይንገሩኝና ልትጋበት» አለኝ።

ትልቅ ሰው ለመሆን መጓጓቱን አልነቀፍሁበትም። እኔም በእሱ ዕድሜ ሌት ተቀን የማስበው ይኸንኑ ነበር። የሰጠሁት መልስ ግን «ለሚመጣው ቅዳሜ የራስህን አንድ ጉባኤ ቃና ይዘህ ና» የሚል ብቻ ነው። ስምንት ቤቱን መወድስ ሲያወርድ ለሚውል ልጅ ሁለት ቤት መታዘዝ ውርደት መሰለው። ቅር ብሎት ሄደ።

በዚህ ነገር ከብዙ የሙያ ወንድሞቼ ጋር አልስማማም። ተማሪው አስቀድሞ የሊቃውንቱን ቅኔ ከመድበል ይሸምድድ፣ መንገዳቸው ይግባው፣ ቆጠራው፣ የራሱን ቅኔ መፍጠሩ፣ ቀስ ብሎ ይመጣል ይላሉ። እኔ ቀስ ብሎ የመጣ አላየሁም። ድጓውን ወይም ቅዳሴውን የሚማር ሰው ታላቅነቱ የተቀበለውን ሳያጎድል ማስረከቡ ነው፤ አንድ ፊደል ቢጥል ይታረማል። ቅኔ ቤት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዜማው የአባቶች ነው፣ ግሱና አገባቡ የአባቶች ነው፣ ምሳሌውም ከመጽሐፍ ነው፤ ቅኔው ግን የዕለቱ መሆን አለበት። የትናንቱን ዛሬ ደግሞ ማለት ነውር ነው። ሊቃውንቱ ይህን ሕግ ያጸኑት ያለ ምክንያት አይመስለኝም፤ ሰው የራሱን ድምፅ እንዲፈልግ ካልተገደደ በሰው ድምፅ ተመችቶት ይኖራል።

ቆጠራ የወጣ ሰው የምለውን ያውቃል። ጠዋት ከየኔታ ግስ ተቀብለን፣ ደበሎ ተከናንበን ወደየጥሻው እንበተን ነበር። የእኔ ቦታ ከወንዝ ዳር ያለች አንዲት ወይራ ሥር ነበረች። መጀመሪያ ወደ ልብ የሚመጣው የየኔታ ቅኔ ነው፤ ቃሉን ለዋውጬ የራሴ ላደርገው እታገላለሁ። ያ ሲሰለቸኝ ጓደኛዬ ትናንት ማታ የተቀኘው ይመጣል። ረሀቡ ሲጠና፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ የሰው የሆነው ሁሉ ያልቅና ልብ ጭር ይላል። ያ ዝምታ ያስፈራል። ብዙ ተማሪ እዚያች ላይ ሲደርስ ተነሥቶ ይሄዳል። የጸና ግን ማታ በየኔታ ፊት ለነገራ የሚያቀርባት አንዲት ነገር ይዞ ይመለሳል፤ አንካሳም ብትሆን የእሱ ናት። 300 ቅኔ ኪሱ ውስጥ የያዘ ልጅ እዚያ ዝምታ ላይ መቼ ይደርሳል? የምሟገተው ስለዚህ ነው።

አቋራጭ ፍለጋ ዛሬ አልተጀመረም። በእኛ ጊዜ አእምሮ ይከፍታል እየተባለ የሚጠጣው አብሾ ነበር። በግስ ሁላችንን የሚያስከነዳ አንድ ጓደኛችን የዋሸራን፣ የጎንጅንና የዋድላን የቅኔ መንገድ ጠቅልዬ በአንድ ዓመት አስመሰክራለሁ ብሎ ጠጣው። ሦስት ቀን ዓይኑ ፈጦ ሌት ተቀን ሲቀኝ ሰነበተ። እኛ ከጎጆው ደጅ ተኮልኩለን እየተደነቅን ሰማነው። የኔታ መጥተው ጥቂት አደመጡና አለቀሱ። ያ ሁሉ የሚፈሰው ቅኔ ቃል በቃል የእሳቸው ነበር። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ እኔ ደግሞ ብዙ ከመያዝ አጥርቶ ማየት ይቅደም እላለሁ።

አጥርቶ ለማየት ምሳሌ የሚሆኑኝ፣ ልብ ወለዱን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ሀዲስ ዓለማየሁ በጎጃም አድባራት ቅኔ የተማሩ ሰው ነበሩ። በዲፕሎማትነት ባሕር ማዶ ኖረዋል። ለታላቁ ሥራቸው ግን ሩቅ አልሄዱም፤ የሚያውቁትን የጎጃምን ገጠር፣ ባላባቱን፣ ካህኑን፣ የቆሎ ተማሪውን በዛብህን አመጡልን። የቅኔ ቤት ዓይን የምለው ይህ ነው።

ያ የምህንድስና ተማሪ በተከታዩ ቅዳሜ ቀረ። በሁለተኛው መጣ። የቅኔው ሰም የታክሲ ረዳት ነው፤ በር ላይ ተንጠልጥሎ አላፊ አግዳሚውን ይጣራል፣ የሚሰማው የለም፣ በሩ ይዘጋል፣ ዝናቡ ይጀምራል። ወርቁ ኖኅ ነው። ሁለተኛው ቤት ዜማ ሰብሯል፤ አንድ ግስም ያለ ቦታው ገብቷል። አረምሁለት። መገናኛ ላይ ጠዋት ማታ የሚሰማውን ያን ጥሪ ግን የትኛውም መድበል አይሰጠውም ነበር። ደስታዬን ልደብቀው አልቻልሁም።

እንዲህ የምሟገትበት የራሴ ነገርም አለኝ። በ13 ዓመቴ ከቤት የጠፋሁት በሌሊት ነው። አባቴ ገበሬ ነበር፤ በሬ እንድጠምድለት ይፈልጋል። የእኔ ምኞት አለቃ መሆን፣ ስሜ ከደብር ደብር መጠራት ነበር። ዕርፍ ጨብጦ ወደ ኋላ የሚያይ አይረባም የሚለውን የወንጌል ቃል ለራሴ አመካኝቼ ስንት ዓመት ወደ ኋላ ሳላይ ኖርሁ። የተመለስሁት ለአባቴ አርባ ነው።

ቅኔ እንዳደርስ ተጠየቅሁ። የተማርሁት ምሳሌ ሁሉ መጣልኝ፤ የአብርሃም ድንኳን፣ የሙሴ በትር፣ የኤልያስ ሠረገላ። አንዱም አባቴን አልመሰለም። ሌሊቱን ከጎተራው ሥር ተቀምጬ ስቆጥር፣ ሊነጋጋ ሲል ያችው ያመካኘሁባት ቃል መጣች። ገበሬ የሚጨብጠው ዕርፍ፣ የሞተ ሰው የሚያገኘው ዕረፍት፤ በአንድ ቃል ሁለት ምሥጢር፣ ኅብር። ዕርፉን ጨብጦ ወደ ኋላ ሳያይ የኖረው እኔ አልነበርሁም፤ እሱ ነበር።

እናቴ ግእዝ አታውቅም። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ «ስለ እሱ ምን አልህ?» አለችኝ። «ዕርፉን አነሣሁት» አልኋት። ዝም ብላ ገባችና ከቆጥ አውርዳ ሰጠችኝ። መጨበጫው በአባቴ መዳፍ ልክ ለስልሷል። ዛሬ ከማስተምርበት ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ አዲስ ተማሪ ሲመጣ አስቀድሜ እሱን አስጨብጠዋለሁ።