«ልብ ወለድ»፦ የአንድ ቃል ጉዞ

ቃል ከአንደበት ከወጣ በኋላ ባለቤቱ ተናጋሪው ብቻ አይደለም፤ የሚቀባበለው ኅብረተሰብም እንደ ዘመኑና እንደ ፍላጎቱ ትርጉሙን ያሰፋዋል፣ ያጠብበዋል፣ አልፎ ተርፎም ይገለብጠዋል። በሥነ ጽሑፋችን ለዚህ «ልብ ወለድ» ከተሰኘው ቃል የተሻለ ምስክር ማግኘት ያስቸግራል።

እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ የታተመውና ዛሬ ይበልጡን «ጦቢያ» በሚለው ስም የሚታወቀው የነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ድርሰት፣ ሲወጣ የያዘው አርእስት «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚል ነበር። ይኸውም የዜና መዋዕል ጸሐፊ የመዘገበው ሳይሆን ልብ አስቦ የወለደው ታሪክ ማለት ነው። የአንድ መጽሐፍ ስም የነበረው ይህ ሐረግ ከጊዜ በኋላ «ታሪክ» የሚለውን ተቀጽላ ጥሎ የመላው ዘርፍ መጠሪያ ለመሆን በቃ።

ከዚያ ወዲህ ግን ቃሉ በሁለት ጎዳና ተጓዘ። በአንድ በኩል የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ፣ ኋላም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ፣ ማንበብ የማይችለው ወገን ጭምር ጉዱ ካሣን እንደሚያውቀው ሰው ቆጥሮ ስለ ባላባታዊው ሥርዓት ለመነጋገር ቻለ። በሌላ በኩል በዕለት ተዕለት ንግግር «ይህማ ልብ ወለድ ነው» ማለት «ሐሰት ነው» ከማለት ጋር ተካከለ። በፊተኛው ጎዳና ልብ የወለደው ነገር የእውነት መመርመሪያ ሲሆን፣ በኋለኛው የእውነት ተቃራኒ ሆኖ ተቆጠረ።

ልዩነቱ የመዝገበ ቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ለአንባቢ የቀረበው በልብ ወለድነቱ ነበር፤ የዘመኑ ባለ ሥልጣኖች ግን የራሳቸውን መልክ አዩበት። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተሰናበተ፤ በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። ልብ ወለድ ተራ ሐሰት ቢሆን ኖሮ ማንንም ባላስፈራ ነበር።

እንግዲህ አንድን ድርሰት ሲመዝን «ይህ በእርግጥ ተፈጽሟልን?» ብሎ ብቻ የሚጠይቅ ሐያሲ የቃሉን ግማሽ መንገድ ብቻ ተከትሏል። ሊቀድም የሚገባው ጥያቄ፣ ኅብረተሰቡ ስለ ራሱ ደፍሮ ያልተናገረው፣ ልብ በወለደው ታሪክ አማካይነት ግን የተናገረው ምንድን ነው? የሚለው ነው።