ጥርኝ ውኃ፦ የበላዔ ሰብ ታሪክ እንደ ርኅራኄ ክርክር

ተአምረ ማርያም በዐፄ ዳዊት ዘመነ መንግሥት ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ተመለሰ፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ደግሞ በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ደነገጉ። ከመጽሐፉ ታሪኮች እንደ በላዔ ሰብ በሕዝብ አፍ የገባ ጥቂት ነው። 78 ሰው የበላው ሰው በጥርኝ ውኃ መዳኑ በየዓመቱ የካቲት 16 በኪዳነ ምሕረት በዓል ይተረካል፤ የሚተረከውም የአማላጅነት ማስረጃ ሆኖ ነው። ተራኪው የፈለገው ይህንኑ መሆኑ አያከራክርም። ሆኖም አካሄዱን ልብ ብሎ ለተከተለ፣ ታሪኩ ስለ ርኅራኄ ሌላ ነገርም ይላል፤ ለባዳ መራራት የሚፈተነው ባዳው ምንም በማይጠቅምበት ቦታ ነው።

ሰውየው የወደቀው በንፉግነት አይደለም። ባለጸጋና እንግዳ ተቀባይ ነበር፤ እንደ አብርሃም ሥላሴን በቤቱ ማስተናገድ ይመኝ ነበር፤ ሰይጣንም የገባው በዚሁ በር ነው። በሥላሴ አምሳል መጥቶ ልጅህን እረድልኝ አለው፤ አረደ፣ ቀመሰም። ከዚያ ወዲያ ከሰው ሥጋ በቀር የሚያሰኘው ጠፋ፤ ቤተሰቡንም ጨረሰ። ለከበረ እንግዳ የተሰናዳ ማዕድ ልጅ ያስበላል ብሎ የሚጀምር ተራኪ፣ እንግዳ ተቀባይነትን ብቻውን እንደ በጎነት ሊቆጥርልን አልፈለገም። ቀጥሎ በመንገድ ላይ ገላው የቆሰለ፣ ውኃ የጠማው ድውይ ይመጣል። ሊበላው ያስብና ቁስሉን ተጸይፎ ይተወዋል። ይህች ነጥብ በስብከት ብዙ ጊዜ ትታለፋለች፤ በእኔ ግምት ግን ታሪኩ የሚዞረው በእሷ ላይ ነው። ድውዩ ለዝናም ለምግብም አይሆንም፤ የቀረው ጥማቱ ብቻ ነው። በእግዚአብሔር ስም ለመነ፣ ተከለከለ፤ በማርያም ስም ሲለምን ግን ሰውየው ማርያም በአማላጅነቷ ነፍስን እንደምታድን በልጅነቱ የሰማው ትዝ አለውና ጥቂት ውኃ ሰጠው።

ሰጪው ያሰበው ለራሱ ነፍስ እንጂ ለድውዩ አይደለም የሚል ተቃውሞ ይነሣል። እውነት ነው፤ ታሪኩም አይደብቀውም፤ የተሰጠችው ውኃ ጥም የምትቆርጥ አልነበረችም። ነገር ግን ንጹሕ ልብ እስኪገኝ ውኃው ይቆይ ቢባል የሚጎዳው የተጠማው ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፤ ጥርኝ ውኃ 78 ነፍስ እንዴት ያካክሳል? ለዚህ መልሱ ሰውየው ከሞተ በኋላ ለፍርድ ሥራው በተመዘነበት ሚዛን ላይ አለ። መጀመሪያ ያመዘኑት ነፍሶቹ ናቸው፤ ውኃዋ የደፋችው የእመቤታችን ጥላ ካረፈባት በኋላ ነው። ስለዚህ ተራኪው ሂሳቡ ልክ ነው አላለም፤ ጎዶሎውን በምሕረት ሞላው እንጂ። ይህ መልስ ግን ለሟቾቹ አይበቃም። ስም የላቸውም፣ በፍርዱ ላይም ቃል አይሰጡም፤ ሚስትየው እንኳ ከቁጥር አታልፍም። እዚህ ላይ ከሰባኪዎቹ ይልቅ ሠዓሊዎቹ የተሻሉ ይመስለኛል፤ ሚዛኑን ሲሥሉ የታረዱትንም አብረው ይሥሏቸዋልና።