የመስቀል ሰሞን ባሌስትራ

ነሐሴ ሲጋመስ ቡታጅራ ያለችው ግቢዬ መኪና ይበዛባታል። ጋራዥ አይደለችም፤ ከቤቴ ጀርባ ቆርቆሮ ያለበስኳት፣ ወለሏን ሲሚንቶ ያስደረግኳት ጥግ ናት። የሚመጡት ለመስቀል አገር ቤት የሚገቡ ሰዎች ናቸው። ከአዲስ አበባ እስከ ቡታጅራ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ነው፤ እሱን ማንም ይነዳዋል። ጭንቁ ከአስፋልቱ ወርዶ፣ በዘቢዳር ግርጌ ክረምቱን ሙሉ ጎርፍ ሲበላው የከረመውን መንገድ አልፎ፣ ከነቤተሰብ ከነስንቅ ጀፎረው (የመንደሩ ሰፊ ሣራማ መንገድ) ላይ መድረሱ ነው። ስለዚህ ሁሉም የሚለኝ አንድ ነው፦ «ከፍ አድርግልኝ።»

ከፍ ማድረጉስ ቀላል ነው። ክሪክ፣ ጥቂት ቁልፍ፣ አንድ ረዳት፣ ከሻንሲው ሥር የሚገባ ወፍራም የባሕር ዛፍ ግንድ (ክሪክን ብቻ አምኜ ከመኪና ሥር አልገባም)፤ በቃ። እኔን ያስቸገረኝ ሁልጊዜ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው።

ደንበኞቼ የማያምኑኝ ነገር አለ። ባሌስትራ ላይ ብረት ብጨምር ዲፈረንሻሉ ከመሬት አንዲት ጣት እንኳ አይርቅም። እሱ ከጎማው ጋር ነው የታሰረው፤ የሚነሳው ሻንሲውና ቦዲው ነው። ዲፈረንሻሉን ከድንጋይ የሚያድነው ትልቅ ጎማ ብቻ ሲሆን፣ ከዳር እስከ ዳር 5 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ጎማ ቢገጠምም ትርፉ ግማሹ፣ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው። ይህን ስነግራቸው ሥራውን የሰነፍኩ ይመስላቸዋል። እኔ ግን መጀመሪያ ሜትር አውጥቼ ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው በግራም በቀኝም እለካለሁ። ብዙ ጊዜ ችግሩ መኪናው ዝቅ ብሎ መሠራቱ አይደለም፤ ዓመት ሙሉ የማረቆ በርበሬና የእህል ጆንያ ሲሸከም የኖረው ባሌስትራ ተኝቷል።

ባሌስትራ በጣሊያንኛ ቀስት የሚወረውር የድሮ መሣሪያ ስም ነው፤ ቃሉን የተውልን መካኒኮች ብረቱን በደንብ ያውቁት ነበር። ጎብጦ የተሠራ ብረት ሲጫን ይዘረጋል፣ ጭነቱ ሲወርድለት ወደ ጉብጠቱ ይመለሳል። የተኛውን ባሌስትራ በእሳት አግሎ የሚያጎብጥ ባለሙያ ሞልቷል። ከእሳት ሲወጣ ያምራል። ግን ቀይ እስኪሆን ግሎ በራሱ ጊዜ የቀዘቀዘ ብረት ጥንካሬው ከእሳቱ ጋር ሄዷል፤ ጥቂት ጭነት አይቶ ተመልሶ ይተኛል። እኔ አዲስ አስገዛለሁ፤ አቅም ከሌለ ደግሞ ልኩ የሆነ ብረት ከሌላ ባሌስትራ መርጬ እጨምራለሁ።

የተማርኩበት ስህተት ከብዙ ዓመት በፊት የሠራሁት ሃይሉክስ ደብል ጋቢና ነው። የኋላውን በ5 ሴንቲ ሜትር አነሳሁ፣ ረጃጅም አሞርዛተር ገጠምኩ፣ ወደ እንሴኖ በሚወስደው መንገድ ልሞክረው ወጣሁ። ፍሬን ስይዝ አፍንጫው መሬት ሊስም ደፋ አለ፤ ኋላው እንደሌለ ነው። አየር ገብቷል ብዬ ዘይቱን ሁለት ጊዜ አስወጣሁ። ታምቡሩን ፈታሁ፣ ሸራውን ቀየርኩ። ያው ነው። ባለቤቱ በየማታው እየመጡ «ልጄ፣ ድሮ እኮ ይይዝ ነበር» ይሉኛል። እኔም «ነገ ጋሼ» እላለሁ።

በሦስተኛው ቀን በጀርባዬ ተኝቼ ሳይ ከአክስሉ ወደ ሻንሲው የምትሄድ ቀጭን ዘንግ አየሁ። ስንት ጊዜ አልፌያት ነበር! ያቺ ዘንግ የፍሬን ዘይት የሚመጥን ቫልቭ ላይ የታሰረች ናት። መኪናው ተጭኖ ሲወርድ ቫልቩ ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ይለቃል፤ ባዶ ሆኖ ከፍ ሲል ኋላው እንዳይንሸራተት ይቀንሳል። እኔ መኪናውን ከፍ ሳደርገው ቫልቩ ምንጊዜም ባዶ ነው ብሎ አመነ። አክስሉ ላይ ዘንጓ የታሰረችበትን ብረት በዚያው 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ባነሳው ኋላው ያዘ። እሱም ግን ሙሉ መልስ አልነበረም፦ የጠነከረ ባሌስትራ ሲጫን እንደ ድሮው አይወርድምና፣ ባዶውንም ጭነቱንም እየሞከርኩ ደጋግሜ አስተካከልኩ።

ከዚያ ወዲህ ብሎን ከመንካቴ በፊት በሻንሲውና በአክስሉ መካከል የሚሄደውን ሁሉ በእጄ እዳስሳለሁ። የፍሬኑ ጎማ ቱቦ አክስሉ ሲንጠለጠል ይወጠራል? ክሮቼራው ማዕዘኑ በዝቶ ይንቀጠቀጣል? የባሌስትራውን ጎሚኒም መኪናው በአየር ላይ ሳለ አላጠብቀውም፤ መሬት ላይ ቆሞ ክብደቱን ሲጥል ነው። በአየር ላይ የጠበቀ ጎሚኒ መኪናው ሲወርድ ተጠማዞ ይቀራል፣ ብዙ ሳይቆይም ይቀደዳል። ፊቱ ቶርሽን ባር ከሆነ ደግሞ ብሎኑን ማዞር አሥር ደቂቃ ነው፤ ከፍታውን ይሰጣል፣ ጥንካሬ ግን አይጨምርም፣ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ የሚወርድበትንም ቦታ ይበላል። ብዙ አዙርልኝ የሚለኝን እምቢ እላለሁ።

ጋሼ በመጨረሻ የመስቀል ዋዜማ ላይ መኪናቸውን ሊወስዱ እናታቸውን ይዘው መጡ። ፍሬኑን በር ላይ ሞከሩት፣ ፈገግ አሉ። እናታቸው ግን ጋቢናው ከፍ ብሎባቸው እግራቸው አልደርስ አለ። ረዳቴ የምቀመጥባትን በርጩማ አምጥቶ አስቀመጠላቸው፤ ወጡ። መንደር ሲደርሱ ለመውረድም ያስፈልጋል ተብሎ በርጩማዬ አብራቸው ሄደች፤ እስካሁን አልተመለሰችም።