ስለ ተማሪዎች የአጭር ጊዜ አገልግሎት፤ ከደብረ ታቦር አንጻር የቀረበ ሒስ

በሀብታም አገሮች የሚገኙ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት ወደ ድኻ አገር ልከው በመንደር ውስጥ ጥቂት አገልግሎት እንዲሰጡ ማድረግን አንድ የትምህርት ዐይነት አድርገው ከያዙት ቆይተዋል። ተማሪው ሲመለስ ያየውንና የተሰማውን ጽፎ ለመምህሩ ያቀርባል፤ መምህሩም ማርክ ይሰጠዋል። ደጋፊዎቹ ተማሪው ከመጽሐፍ የማይገኝ ዕውቀት ያገኝበታል ይላሉ፤ ይህን አንክድም። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም ተማሪው የሚማረው ከማን ነው? የትምህርቱንስ ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው? የሚል ነው።

ነገሩ በሐሳብ ብቻ እንዳይቀር ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ደቡብ ጎንደር ደጋ ወስደን እንመርምረው። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ረዥሙን ዕረፍት የሚያገኘው ከግንቦት እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ነው። ለእርሱ በጋ ነው፤ ለእኛ ክረምት ነው። በዚህ ወራት የጉና ተራራ ከጉም አይለይም፤ ከዋናው መንገድ ወጣ ያለው ሁሉ ጭቃ ነው። ገበሬው በሰኔና በሐምሌ ያርሳል፥ ይዘራል፤ በነሐሴ ቤተ ሰቡን ሁሉ ይዞ ያርማል። ያለፈው ዓመት እህል ከጎተራው እየጎደለ፥ አዲሱ ገና በቡቃያ ላይ ያለ ስለ ሆነ፥ በዓመቱ ውስጥ ቤት እጅግ የሚሳሳበት ጊዜ ይህ ነው። እንግዲህ እንግዳው የሚደርሰው መንደሩ ትርፍ ጊዜም ትርፍ እህልም በሌለው ሰዓት ነው ማለት ነው።

እንግዳ ደግሞ እንግዳ ነው። የቤቱ እመቤት እህል የለንም ብላ አትመልሰውም፤ ተበድራም ቢሆን እንጀራ ታቀርባለች፥ ቡና ታፈላለች። ጊዜው ጾመ ፍልሰታ ከሆነ ወተቱም ቅቤውም ስለማይቀርብ፥ ከባሕር ማዶ ለመጣ ሰው ሽሮ ብቻ ማቅረቧ ያሳፍራታል። እርሱ በማስታወሻው ላይ ስለ ሕዝቡ ደግነት ይጽፋል። ደግነቱ እውነት ነው፤ ስንት ቁና እህል እንደ ወሰደ ግን አይጽፍም፤ የሚነግረውም የለም።

እንግሊዝኛ ላስተምር ብሎ የመጣ እንደ ሆነ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው፤ ልጆቹ ዐረም ላይ ናቸው። ስለዚህ የባዶ ክፍል ግድግዳ ቀለም ይቀባል። ደብረ ታቦር ቀለም ቀቢ አጥታ አታውቅም፤ ለአውሮፕላን ከተከፈለው ገንዘብ ጥቂቱ ለአንድ የከተማው ቀቢ ቢሰጥ ሥራውም ባማረ፥ ሰውየውም ደመወዝ ባገኘ ነበር። (ነሐሴ 12 ማታ ችቦ ሲበራ የደረሰ ተማሪ ግን ዕድለኛ ነው፤ ከተማይቱ ስሟን የተጋራችውን በዓል ያያልና።)

ለደብረ ታቦር ሰው የውጭ አገር ወጣት አዲስ ነገር አይደለም። ከከተማው ጥቂት ራቅ ብላ በምትገኘው በጋፋት፥ ባዝል አጠገብ ካለው ከቅድስት ክሪሾና ሚሲዮን የመጡ የእጅ ሥራ ዐዋቂዎች በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ተቀምጠው ነበር። የመጡት ለስብከት ነው፤ ንጉሡ ግን መድፍ ፈለጉ፤ በ1859 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለው ትልቅ መድፍ በዚያው በጋፋት ፈሰሰ። አማርኛ ተማሩ፥ ትዳርም ያዙ፤ ከመካከላቸው ዋልድማየር የንጉሡን ባለሟል የጆን ቤልን ልጅ አገባ። በመጨረሻ ዓመታቸው ወደ አገራቸው ለመሄድ ነጻነት ስላልነበራቸው እንዲህ ያለ ቆይታ ለማንም አንመኝም። ሆኖም ምን መሠራት እንዳለበት የወሰነው ተቀባዩ እንጂ መጪው እንዳልነበረ ልብ ይሏል።

አንዳንዶቻችን በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለ ተማርን ልዩነቱን እናውቀዋለን። ብዙ ዓመት ተቀምጦ ያስተማረንን ሰው ከነቍጣው እናስታውሰዋለን፤ ለሁለት ሳምንት መጥቶ ፎቶግራፍ አንሥቶን ከሄደው ቡድን ግን የአንዱንም ስም አናውቅም።

ታዲያ ጥፋቱ ማጠሩ ነውን? በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ሥራ የጀመሩት ወደ 300 የሚጠጉ የአሜሪካ ሰላም ጓድ አባሎች ለሁለት ዓመት ያስተምሩ ነበር። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ባቋቋመው አገልግሎት ደግሞ ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት በጠቅላይ ግዛት ይሠራ ነበር፤ አብዛኞቹም አስተማሪዎች ሆኑ። ገጠር ይባል እንጂ የብዙዎቹ ኑሮ ትምህርት ቤት ባለበት ከተማ ነበር፤ ይህ ያስነቅፈዋል። ቢሆንም በመስከረም ገብተው በሰኔ ይወጡ ነበርና የሚሠሩት በትምህርት ቤቱ ዘመን ነው እንጂ በራሳቸው ዕረፍት አልነበረም።

በሌላ በኩል፥ በደንቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፥ የዛሬው ዩኒቨርሲቲ፥ የጤና ተማሪዎችን በቡድን አድርጎ ለሳምንታት ብቻ ወደ ወረዳዎች የመላክ ልማድ አለው። ይህም አጭር ነው። ነገር ግን የሚቀበላቸው ጤና ጣቢያ አለ፤ ከእነርሱ በኋላ ከዚያው ተቋም ሌላ ቡድን ይመጣል፤ የተቆፈረው መጸዳጃ ቢደረመስ ማን መወቀስ እንዳለበት ሕዝቡ ያውቃል። የውጭ አገሩ ጉዞ የጎደለው ይህ ነው፤ የሚወቀስ የለውም።

በ1960 ዓ.ም. ኢቫን ኢሊች የተባለው ካህን በሜክሲኮ ለማገልገል ለሚዘጋጁ አሜሪካውያን ተማሪዎች፥ ለማየትና ለመማር ካልሆነ ለመርዳት አትምጡ ብሎ በግልጽ ነግሯቸው ነበር። እኛ በዚህ ሙሉ በሙሉ አንስማማም፤ ለማየት ብቻ የመጣውም እንጀራውን ይበላልና።

ተማሪው ከመንደሩ ተምሯል ከተባለ መንደሩ መምህር ነው። መምህር ከሆነ ማርክ በመስጠቱ ሥራ ድርሻ ሊኖረው ይገባል፤ ያስተናገደችው እመቤት ይህ ልጅ ምን ተማረ ተብላ ትጠየቅ። የተጻፈውም በአማርኛ ተመልሶ ለቀበሌው ይነበብ። የአገራችን ኮሌጆችም ከዚህ ነቀፌታ አያመልጡም፤ ገበሬው መልስ የሰጠበት የመመረቂያ ጽሑፍ መደርደሪያ ላይ ሲቀር እናያለንና። በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የራሱን ተማሪ ከእንግዳው ጋራ ቢያጣምር፥ የቋንቋው ችግር ይቃለላል፤ እንግዳው ሲሄድ የሚቀርም ሰው ይኖራል።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት እንዲህ ያለው ጉዞ እጅግ ቀንሷል። ሰላም ሲሆን ግን ደብዳቤ መምጣቱ አይቀርም፤ ተቀባዮቹ ውላቸውን አሁኑኑ ቢያዘጋጁ ይሻላል። የመጀመሪያው አንቀጽ ስለ ወራቱ ይሁን። አሜሪካውያኑ በታኅሣሥም የጥቂት ሳምንታት ዕረፍት አላቸው፤ በዚያን ጊዜ ትምህርት ቤት ክፍት ነው፥ እህል አውድማ ላይ ነው፥ ለውቂያውም እጅ ይፈለጋል፥ ወደ መንደሮቹ የሚወስደውም መንገድ ደረቅ ነው።