ስለ ሙያ ስሞች አሰያየም፤ «ኢስት»፣ «ተር» እና «ኛ»

የጦር ኃይሎች ሆስፒታል በሚገኝበት በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል የሙያ ስሞች ከሦስት ወገን ይሰማሉ፤ ከመንገድ ዳር ጎሚስታ፣ ከሠራዊቱ መድፈኛና መትረየሰኛ፣ ከሆስፒታሉ ፋርማሲስትና ራዲዮሎጂስት። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከእነዚህ የአሰያየም መንገዶች የትኛው ለቋንቋችን እንደሚስማማ መመርመር ነው።

«ተር» ከላቲን የመጣ የአድራጊ መድረሻ ነው፤ «ዶክተር» በመሠረቱ አስተማሪ ማለት ነበር። «ኢስት» ደግሞ ከግሪክ ወደ ላቲን ገብቶ «ኢስታ» ከሆነ በኋላ ወደ ልዩ ልዩ የአውሮፓ ቋንቋዎች ተላልፏል። አማርኛ ሁለቱንም ከነቃላቸው ተቀበለ እንጂ የራሱ ቅጥያ አላደረጋቸውም። ጎማንና ጎሚስታን ከጣሊያንኛ ቢወስድም፣ ከብረት «ብረቲስታ» የሚል ቃል አላወጣም። በአንጻሩ ጋዜጣን ከጣሊያንኛ፣ መትረየስን ከፈረንሳይኛ ተውሶ በራሱ «ኛ» ጋዜጠኛና መትረየሰኛ የሚሉትን አበጅቷል።

ከዚህ በመነሣት «ኢስት»ን ሁሉ በ«ኛ» እንተካ ማለት ግን ሌላ ስሕተት ነው። «ዓይነኛ» ምርጥ፣ ሁነኛ ማለት እንጂ የዓይን ሐኪም ማለት አይደለም። ነገረኛና ሐሜተኛም ጠባይን እንጂ ሙያን አያመለክቱም። «ኛ» በሙያ ስምነት በሚገባ የሚሠራው ሰውየው በሚይዘው መሣሪያ ወይም በሚሠራበት ነገር ሲጠራ ነው። ሙያው በድርጊት የሚታወቅ ከሆነ ግን ከግሡ የሚወጣው የአድራጊ ስም ይበልጣል።

ጉዳዩ የቃላት ጌጥ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ራዲዮግራፈር ምስሉን የሚያነሣ ባለሙያ ሲሆን፣ ራዲዮሎጂስት ምስሉን መርምሮ የሚተረጉም ሐኪም ነው። ልዩነታቸው በባዕድ መድረሻ ውስጥ ስለተሸሸገ ታካሚው ስለ ሕመሙ ማንን መጠየቅ እንዳለበት ከስማቸው ሊረዳ አይችልም። «ራጅ» ራሱ ከጣሊያንኛ የተወረሰ ቢሆንም ሕዝብ ለምዶታልና፣ ራጅ አንሺ እና ራጅ አንባቢ ሐኪም ብንል ልዩነቱ ወዲያው ይገለጣል።

የባዕዱ ስም ለባለሙያው ክብር ይሰጣል የሚሉ ወገኖች አዋላጅ የሚለውን ይመልከቱ። ቃሉ ሥራውን በግልጽ ይናገራል፤ የሙያውንም ክብር አይቀንስም። እንግዲህ የስያሜ አዘጋጅ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «መድረሻው ምንድን ነው?» ሳይሆን «ይህ ሰው ምን ይሠራል?» የሚለውን ነው።