ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ፦ የ«ኅብረተሰብ ተሳትፎ» ትርጉም ከሐዋሳ ሲመረመር

በሰኔ ወር መገባደጃ በሐዋሳ ከተማ ትምህርት ቤቶች የወላጆች ቀን ይከበራል። ብልጫ ያገኙ ተማሪዎች ይሸለማሉ፤ የውጤት ካርድ ይታደላል፤ መማሪያ መጻሕፍት ተቆጥረው ወደ ዕቃ ቤት ይመለሳሉ፤ ከዚያም በሩ ይዘጋል። ከሐምሌ 1 ቀን እስከ ጳጉሜን ፍጻሜ ያሉት 65 ቀናት፣ በዘመነ ሉቃስ ደግሞ 66 ቀናት፣ በትምህርት ዘመን አቆጣጠር ባዶ ናቸው። ለሕፃኑ ግን ባዶ አይደሉም። የሁለተኛ ክፍልን ትምህርት ፊደል እየለየ፣ ሆኖም አንድ አንቀጽ አንብቦ መልእክቱን መናገር ሳይችል የጨረሰ ልጅ፣ ያንኑ በከፊል የጨበጠውን ዕውቀት ይዞ ወደ ክረምቱ ይገባል። በእጁ መጽሐፍ የለም። ወላጆቹም ምን እንደ ጎደለው የነገራቸው ሰው የለም። ይህ ልጅ በመስከረም ሲመለስ ምን ይዞ ይመለሳል? ጥያቄው ስለ ኅብረተሰብ ተሳትፎ የተጻፈውንና የተሠራውን ሁሉ ለመመዘን የሚያስችል ሚዛን ነው።

መመሪያው ያስገኘውና የተወው

እንደሚታወቀው በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የትምህርት አመራር ወደ ታች እንዲወርድና ኅብረተሰቡ በትምህርት ቤቱ አስተዳደር ድርሻ እንዲኖረው መሠረት ጥሏል። ይህን በሥራ ለመተርጐም በ1994 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር የትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና ፋይናንስ መመሪያን አወጣ። ለቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ እንዲሁም ለወላጅና መምህር ኅብረት ተግባርና ኃላፊነት የደለደለው ይኸው ሰነድ ነው። በ1999 ዓ.ም. የተጀመረው የትምህርት ቤት ማሻሻያ መርሐ ግብርም የኅብረተሰብ ተሳትፎን ከአራቱ ዓቢይ ርእሶቹ አንዱ አደረገው።

የዚህ አሠራር ውጤት ሊካድ አይገባም። በ1987 ዓ.ም. ገደማ 3 ሚሊዮን ያህል የነበረው የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ቁጥር በ2000 ዓ.ም. ከ15 ሚሊዮን አልፏል። ይህን ያህል ሕፃን የተቀበለው የመማሪያ ክፍል በመንግሥት በጀት ብቻ አልተሠራም። ገበሬው እንጨትና ድንጋይ አቅርቧል፤ ነጋዴው ቆርቆሮ ገዝቷል፤ ጉልበት ያለው ጭቃ አቡክቷል። በቅርብ ዓመታት «ትምህርት ለትውልድ» በሚል ስያሜ የተካሄደው ንቅናቄም የትምህርት ቤቶችን ደረጃ ለማሻሻል ያው የሕዝብ እጅ እንደገና እንዲዘረጋ አድርጓል።

ይሁን እንጂ የመመሪያው ርእስ ራሱ በጥሞና ሊነበብ ይገባዋል። «የኅብረተሰብ ተሳትፎ» የሚለው ሐረግ የተቀመጠው በ«አደረጃጀት»ና በ«ፋይናንስ» መካከል ነው። ከአፈጻጸሙ እንደታየው፣ ትርጉሙም ከእነዚህ ከሁለቱ ጎረቤቶቹ ብዙ አልራቀም፤ ወላጅ ወይ በኮሚቴ ውስጥ ይቀመጣል፣ ወይ ያዋጣል። ልጁ ስለሚማረው ነገር፣ በቤት ስለሚያነበው፣ በክረምት ስለሚረሳው ወላጁ ሊጠየቅም ሊጠይቅም የሚችልበት ሥርዓት እንደ ጣሪያና አጥር ክብደት አላገኘም። በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ተመራማሪ ጆይስ ኤፕስታይን የቤተሰብንና የትምህርት ቤትን ትብብር በስድስት ዓይነት ከፍለው ሲያሳዩ፣ በውሳኔ መሳተፍ አንዱ ብቻ ነው፤ ለትምህርት ቤቱ ጉልበትና ጊዜ መስጠት ሌላው ነው። በቤት ውስጥ መማርን መደገፍ ራሱን የቻለ ሌላ ዓይነት ነው፤ በቤትና በትምህርት ቤት መካከል የሚደረገው የሐሳብ ልውውጥም እንዲሁ። በእኛ አሠራር የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሲደረጁ የኋለኞቹ ሁለቱ ለመምህሩ በጎ ፈቃድ ተትተዋል።

ክረምቱ ለምን ይከብዳል?

የረጅም ዕረፍት ጉዳት በሌሎች አገሮች ብዙ ተጠንቷል። ሃሪስ ኩፐርና ባልደረቦቻቸው በ1996 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በአሜሪካ የተካሄዱ 39 ጥናቶችን መርምረው፣ ተማሪዎች ከዕረፍት ሲመለሱ ውጤታቸው በአማካይ የአንድ ወር ትምህርት ያህል ቀንሶ እንደሚገኝ አመልክተዋል። በኋላ የወጡ ጥናቶች የመጠኑን ልክ ቢያከራክሩም፣ ለእኛ ዋናው ቁም ነገር ሌላው ግኝት ነው፤ በሒሳብ ቅናሹ የሁሉም ሲሆን፣ በንባብ ግን ልዩነቱ በቤተሰብ ኑሮ ሁኔታ ተከትሎ የሚሰፋ ነበር። ትምህርት ቤት ክፍት ሳለ ሁሉም ከአንድ ምንጭ ይቀዳል። በሩ ሲዘጋ ግን እያንዳንዱ ልጅ በቤቱ ካለው ብቻ ይጠጣል።

የአሜሪካውን አኃዝ ወደ ሐዋሳ እንዳለ ማምጣት ስሕተት ይሆናል። ነገር ግን በ2002 ዓ.ም. በአገራችን የተካሄደው የመጀመሪያ ደረጃ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ በዚያን ጊዜ አጠራር በሲዳማ ዞን ከተመዘኑት የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከግማሽ የሚበልጡት ስላነበቡት ምንባብ ከቀረበላቸው ጥያቄ አንዱንም መመለስ እንዳልቻሉ አሳይቷል። ንባቡ ሥር ያልሰደደ ልጅ ሁለት ወር ሳያነብ ሲቆይ የሚደርስበት ጉዳት፣ አጥርቶ ከሚያነበው ልጅ ይልቅ የከፋ እንደሚሆን ለመገመት የሚያስቸግር አይደለም። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉም ያው እውነት በገሃድ ታይቷል፤ በራዲዮና በቴሌቪዥን የተላለፈው ትምህርት የደረሰው መሣሪያው ወዳለበት ቤት ብቻ ነበር።

ለክረምቱ ምንም አልተደረገም ማለት አይቻልም። ወጣቶች በክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣሉ፤ ገንዘብ ያለው ወላጅም ልጁን ከፍሎ ያስጠናል። ሆኖም የመጀመሪያው ወደ ቦታው የመጣውን ብቻ ይጠቅማል፤ ሁለተኛው ደግሞ ልዩነቱን ያሰፋዋል። ሁለቱም ብዙውን ጊዜ የሚመጣውን ክፍል ትምህርት አስቀድሞ በማስተማር ላይ ስለሚያተኩሩ፣ ያለፈው ክፍል ጉድለት ሳይሞላ ይቀራል።

ቤተሰቡ ምን ይዟል?

«ወላጁ ያልተማረ ነውና ምን ይረዳል?» የሚለው አባባል በመምህራን ዘንድ ይሰማል። አባባሉ ሁለት ነገሮችን ያደባልቃል። ማስተማር የመምህሩ ሥራ ነው። ልጁ እንዲያነብ ጊዜና ቦታ መስጠት፣ ሲያነብ ማዳመጥ፣ «ምን አለ? ከዚያስ?» ብሎ መጠየቅ ግን ፊደል የማያውቅ ወላጅም የሚችለው ነው።

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የሲዳማ ክልል ርእሰ ከተማ የሆነችው ሐዋሳ የአንድ ዓይነት ቤተሰብ ከተማ አይደለችም። በአንድ ሰፈር ሲዳምኛ፣ አማርኛ፣ ወላይትኛና ሌሎችም ቋንቋዎች ይነገራሉ። ከዚህ በላይ ብዙ ጊዜ የማይታሰብ እንቅፋት አለ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሂደት በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር ሲዳምኛ አንዱ ነበር፤ የተጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነበር። ዛሬ ልጆች ሲዳምኛን የሚማሩት በላቲን ፊደል ነው። በዘመቻው ማንበብ የቻለ አያት የልጅ ልጁን መጽሐፍ ሲከፍት በገዛ ቋንቋው ፊት መሃይም ይሆናል። ትምህርት ቤቱ ይህን ካላወቀ አያቱን «የማይረዳ» ብሎ ያልፈዋል፤ ካወቀ ግን ልጁ ጮኾ እንዲያነብለት፣ አያቱም በሚገባ የሚያውቀውን ቋንቋ እየሰማ እንዲያርመው ያደርጋል።

ያው ዘመቻ ሌላም ትምህርት ይሰጣል። ሕዝብ በክረምት ሊማር እንደሚችል አሳይቷል፤ በ1980 እንደ አውሮፓ አቆጣጠርም የዓለም አቀፍ የንባብ ማኅበርን ሽልማት አግኝቷል። ነገር ግን ንባቡን የሚያስቀጥል ጽሑፍ በየቤቱ ስላልገባ ብዙዎች የተማሩትን መልሰው ረስተዋል። በቤቱ የሚነበብ ነገር የሌለው አንባቢ፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ አንባቢ ሆኖ አይቆይም።

የአካባቢው ባህልም ለትምህርት ባዕድ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፍቼ ጫምባላላ፣ ቀኑ የሚወሰነው አዋቂዎች የከዋክብትን እንቅስቃሴ ተመልክተው ነው። የሲዳማ የገበያ ሳምንት አራት ቀን አለው። «ከዛሬ 30 ቀን በኋላ ያለው ዕለት በየትኛው ገበያ ላይ ይውላል?» ተብሎ ልጅ ቢጠየቅ፣ ሠላሳን ለአራት አካፍሎ ሰባት ደርሶ ሁለት መትረፉን ማግኘት አለበት። ይህ በክፍል ውስጥ «ከቀሪ ጋር ማካፈል» ተብሎ የሚያስቸግረው ትምህርት ነው። በአሞራ ገደል ዓሣ የሚሸጥ ቤተሰብም በየቀኑ ይደምራል፣ ይቀንሳል፣ ይመዝናል። እርግጥ ነው፣ ልጅን በክረምት ሙሉ ቀን ሥራ ላይ ማዋል በራሱ ትምህርት አይሆንም። ሥራው ትምህርት የሚሆነው ልጁ የሠራውን እንዲያሰላ፣ እንዲጽፍና እንዲናገር ሲጠየቅ ነው፤ ጥያቄውን አዘጋጅቶ ለቤተሰቡ መስጠት ደግሞ የትምህርት ቤቱ ድርሻ ነው።

ካርዱና መጽሐፉ

ትችቱ ወደ ተግባር የሚደርሰው በሁለት ትንንሽ ነገሮች ላይ ነው። አንደኛው የውጤት ካርዱ ነው። ካርዱ ለወላጅ የሚነግረው አማካይ ውጤትና ደረጃ ነው። «ከ60 ተማሪዎች 41ኛ» የሚለው ቃል ወላጁን ያሳፍራል ወይም ያስቆጣል፤ ምን እንዲያደርግ ግን አይነግረውም። «ልጅዎ ቃላትን ያነባል፣ ዐረፍተ ነገር ሲረዝም ግን መልእክቱ ይጠፋበታል፤ በየቀኑ አንድ ገጽ ያንብብልዎ» የሚል አንድ መስመር፣ ቤተሰቡ በሚረዳው ቋንቋ ተጽፎ ወይም በቃል ተነግሮ ቢሰጥ፣ ከደረጃው ይልቅ ይጠቅማል።

ሁለተኛው መጽሐፉ ነው። በሰኔ የሚሰበሰበው መጽሐፍ በመስከረም ለሚቀጥለው ተማሪ እስኪሰጥ ድረስ በዕቃ ቤት ተቆልፎ ይከርማል። መምህራን የመጽሐፍ እጥረት ስላለ መጥፋቱን መፍራታቸው ተገቢ ነው፤ የጠፋ መጽሐፍ የሚጎዳው የሚመጣውን ልጅ ነውና። ነገር ግን ለሕዝቡ ገንዘብ አደራ የሚሰጠው እድር ለመጽሐፍ አደራ የማይበቃበት ምክንያት የለም። እድር መዝገብ አለው፣ በየወሩ ይሰበሰባል፣ አባላቱን በስም ያውቃል። በአሳዳጊ ፊርማና በእድሩ ዋስትና የማንበቢያ መጽሐፉ ከርሞ ቢመለስ፣ በየወሩ ስብሰባም «መጽሐፉ አለ? ልጁስ እያነበበ ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ ያለ ተጨማሪ በጀት ክረምቱ ይሞላል። ሙከራው በአንድ ቀበሌና በሁለተኛ ክፍል ብቻ ተጀምሮ፣ ተማሪዎቹ በሰኔና በመስከረም በአንድ ዓይነት ምንባብ ተመዝነው፣ የጠፋው መጽሐፍም ተቆጥሮ ውጤቱ ሊታይ ይችላል።

የዓመቱ ሌላው ክፍልም አይዘንጋ። ቡና በሚለማባቸው የሲዳማ ወረዳዎች የቡና ለቀማው ልጆችን ከጥቅምት ጀምሮ ከክፍል ያስቀራል። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ የሆነች እናት በፈረቃ ስለምትሠራ በሥራ ቀን ጧት በተጠራ ስብሰባ ላይ አትገኝም። መቅረቷ ደንታ ቢስነት ተብሎ ሲመዘገብ ስሕተቱ የስብሰባው ሰዓት እንጂ የእርሷ አይደለም።

ለመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆችም የሚተርፍ ሥራ አለ። በክረምት ወራት ብዙ መምህራን ትምህርታቸውን ለማሻሻል ወደ ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ ይገባሉ፤ ሐዋሳም ከሚቀበሏቸው ከተሞች አንዷ ናት። ስለዚህ ከተማዋ በመምህራን የምትሞላውና ትምህርት ቤቶቿ ባዶ የሚሆኑት በአንድ ወቅት ነው። ሠልጣኞቹ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ከሕፃናትና ከወላጆች ጋር እንዲሠሩ፣ ለወላጅ የሚነገር አንድ ግልጽ ቃል ማዘጋጀትን እንዲለማመዱ ቢደረግ፣ የተግባር ልምምዱ ለሁለቱም ወገን ይሆናል።

በሲዳማ ባህል አንድ ጉዳይ በሶንጎ ሸንጎ ሲመከርበት «አፊኒ» ይባላል፤ «ሰማችሁ ወይ?» ማለት ነው። ሌላው ወገን ሳይሰማና ሳይደመጥ ውሳኔ አይጸናም። የ1994ቱ መመሪያና እርሱን የተከተሉት ሥራዎች ሕዝቡን ብዙ ጊዜ «አዋጡ» ብለውታል፤ ሕዝቡም አዋጥቷል። ስለ ልጁ ትምህርት ግን «ሰማችሁ ወይ?» ብሎ የጠየቀው ጥቂት ነው። መመሪያው በሚሻሻልበት ጊዜ የኅብረተሰብ ተሳትፎ ከፋይናንስ አጠገብ ብቻ ሳይሆን ከመማር አጠገብም ቦታ ሊሰጠው ይገባል። ይህ እስኪሆን ድረስ የሰኔው ካርድና የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በየትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር እጅ ናቸው፤ ለዚያ የሁለተኛ ክፍል ልጅም የሚመጣው ሐምሌ ሩቅ አይደለም።