የዳቦ ጋጋሪው ጦርነት

ክሊንት ኢስትውድ እ.ኤ.አ. በ2006 የሠራው «ከኢዎ ጂማ የተላኩ ደብዳቤዎች» በተወሳ ቁጥር የሚቀርብለት ምስጋና አንድ ዓይነት ነው፤ አሜሪካዊ ዳይሬክተር የአገሩን ጠላት ሰው አድርጎ አሳየ ይባላል። ምስጋናው ሐሰት አይደለም፤ ፊልሙን የሚያወድሰው ግን በደካማ ጎኑ ነው። የጃፓንን ወታደር ከውስጥ ማየት ከተፈለገ ጃፓኖቹ ራሳቸው ከኢስትውድ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ቀድመው፣ ያውም ሳይራሩ፣ ሠርተውታል። የኮን ኢቺካዋ «እሳት በሜዳ ላይ» (1959) ፊሊፒንስ ውስጥ ረሃብ የሰው ሥጋ እስከ መብላት ያደረሳቸውን ተሸናፊ ወታደሮች ያሳየናል። የማሳኪ ኮባያሺ «የሰው ልጅ ሁኔታ» ደግሞ ከዘጠኝ ሰዓት በላይ ወስዶ የራሱን አገር ጦር ይከሳል። ከእነዚህ ጎን ሲቆም ኢስትውድ ጨዋ እንግዳ ነው።

ጨዋነቱ የሚጎዳው ሰው ሲመርጥ ነው። ፊልሙ ከመኮንኖቹ መካከል እንድንወዳቸው የሚያቀርብልን ሁለቱ አሜሪካን የሚያውቁ ናቸው። ጄኔራል ኩሪባያሺ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ እዚያ ኖሯል፤ ባሮን ኒሺ በ1932ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ በፈረስ ዝላይ ወርቅ ወስዷል። አሜሪካን ያላየው መቶ አለቃ ኢቶ ግን ጎራዴውን መዝዞ የሚጮህ አክራሪ ሆኖ ቀርቧል። ጠላት ሰው የሚሆነው እኛን ባወቀ መጠን ነው ማለት ነው? በእርግጥ ኢስትውድ ለኢቶ አንድ ጥሩ ፌዝ ሰጥቶታል፤ ፈንጂ ታጥቆ ከሬሳ መሐል ተኝቶ ታንክ ሲጠብቅ ታንኩ ሳይመጣ ይቀርና፣ ሞትን ሲሰብክ የኖረው ሰው በሕይወት ይማረካል። በአካባቢያችን ከተሞች ቪዲዮ ቤት በራምቦ ላደገ ተመልካች ግን ይህም ቢሆን ትልቅ እርምጃ ነው። እዚያ ጠላት የሚባለው ፊት አልነበረውም፤ ሥራው መውደቅ ብቻ ነበር።

የፊልሙ እውነተኛ ሀብት ሳይጎ ነው። ዳቦ ጋጋሪ ነው። ጦሩ መጀመሪያ የሚሸጠውን ወሰደበት፣ ቀጥሎ መጋገሪያ ዕቃውን ለብረቱ ሲል ወሰደ፣ በመጨረሻ እሱን ራሱን ወሰደው። የጥሪው ወረቀት የሚመጣበት ትዕይንት በጦርነት ፊልም ካየኋቸው ሁሉ ይበልጥብኛል። በር ይንኳኳል፤ የሰፈሩ ሰዎች ቆመዋል፤ «እንኳን ደስ ያለህ» ነው የሚሉት። እርጉዝ ሚስቱ ሐናኮ ስትለማመጥ ከመካከላቸው አንዷ ሁላችንም ባልና ልጅ ሰጥተናል በሚል ቃና ትገሥጻታለች። ጥይት የለም። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ በኋላ በወሎ ከቦረና፣ ከሳይንት፣ ከወግዲ ልጅ የሸኘ ቤተሰብ ይህን ትዕይንት ለመረዳት ስለ ጃፓን አንዳች ማወቅ አያስፈልገውም።

ስለ ጃፓን ግን የምናውቀው ከላይ በኩል ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ቶኪዮ ደርሰው ተመልሰው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ጻፉ። የኢትዮጵያ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ከሜይጂ ሕገ መንግሥት ብዙ ወሰደ፤ ከበደ ሚካኤልም «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ብለው ጠየቁ። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ጃፓን ማለት ንጉሠ ነገሥት፣ ሚኒስትርና ፋብሪካ ነው። ሳይጎ የለም። ፊልሙ በእኛ ዘንድ የሚሞላው ክፍተት ከአሜሪካኖቹ የተለየ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ደብዳቤው ልምጣ፤ ፊልሙ የሚቆመውም የሚወድቀውም በእሱ ነው። ኢስትውድና የስክሪፕት ጸሐፊዋ አይሪስ ያማሺታ ደብዳቤን እንደ ማስረጃ ሳይሆን እንደ ድምፅ ይጠቀሙበታል። እጅ ሲጽፍ እናያለን፣ ጆሯችን ግን የጸሐፊውን ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ የቶም ስተርን ካሜራ ቀለሙ የተመጠጠውን ደሴት ትቶ ወደ ቤት ይሄዳል። ስልቱ ሲሳካ እንዲህ ነው፤ ሃያ አንድ ሺህ ያህል ሰው ይዞ እርዳታ የማይመጣለትን ደሴት የሚጠብቀው ኩሪባያሺ ለሚስቱ ሲጽፍ ያልጨረሰው የወጥ ቤት ወለል ያሳስበዋል። ስለ ክብርና ስለ ሞት ከተናገረው ሁሉ ይህ ወለል ይበልጣል። ሲከሽፍ ደግሞ ሳይጎ ሆዱን ሁሉ በወረቀት ላይ ይዘረግፋል። በዘመቻ ላይ ያለ ተራ ወታደር እንዲህ አይጽፍም። በእኛ አገር የዘማች ደብዳቤ ገጹን የሚሞላው ሰላምታ ነበር፤ እናት፣ አባት፣ አክስት፣ ጎረቤት፣ በሬው ሳይቀር በየስሙ ይጠየቃል፤ «እኔ ደህና ነኝ» የሚለው አንድ መስመር ነው። ከዚያ መስመር ጀርባ ያለውን የሚረዳው አድማጩ ነው።

አድማጩ የምለው ሆን ብዬ ነው። ፊደል ያልቆጠረች እናት የልጇን ደብዳቤ ተማሪ ወይም ቄስ ወይም ደረሳ ያነብላታል፤ ጎረቤት ተሰብስቦ ይሰማል። ስለዚህ ብዙ ሐያሲ ለማስለቀስ የተሰላ ነው የሚለውን ትዕይንት እኔ እከላከላለሁ። ኒሺ ቆስሎ ተማርኮ የሞተውን የኦክላሆማ ልጅ የሳምን እናት ደብዳቤ እየተረጎመ በዋሻው ውስጥ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ወታደሮቹ አንድ በአንድ ይነሳሉ። ደብዳቤ የአንድ ሰው የግል ንብረት በሆነበት ባህል ይህ የቲያትር ዘዴ ሊመስል ይችላል። ደብዳቤ በጉባኤ በሚሰማበት ደጋ ግን ከዚህ የበለጠ ተራ ነገር የለም። ትዕይንቱን ያበላሸው ቀጥሎ የመጣው ነው፤ ወጣቱ ወታደር ሺሚዙ የዚያች እናት ቃልና የእናቱ ቃል አንድ መሆኑን በአፉ ይነግረናል። ሰምተናል እኮ! ኢስትውድ ተመልካቹን የናቀበት ቅጽበት ይህ ነው።

ይህን ፊልም ያለ መቅደላ ማየት አልቻልኩም። የበሽሎ ወንዝ የሳይንትን ሰሜናዊ ዳርቻ ታክኮ ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ አምባው ከወንዙ በላይ ነው። በሁለቱ ታሪኮች መካከል ያለው መገጣጠም ያስደነግጣል። ፊልሙ ውስጥ ኩሪባያሺ የሚሞተው አሜሪካውያን ወዳጆቹ በሸለሙት ኮልት ነው፤ ቴዎድሮስም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የጠጡት ጥይት ንግሥት ቪክቶሪያ ካበረከተችላቸው ሽጉጥ የወጣ ነው። ሁለቱም ሽጉጦች በአሸናፊው ወታደር እጅ ገቡ። ለእኛ ጸሐፊዎች የቴዎድሮስ ሽጉጥ የማይታለፍ ፈተና ነው። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ አቤ ጉበኛ፣ ብርሃኑ ዘሪሁን ሁሉም ቴዎድሮስን ጽፈዋል፤ ሁሉም ዓይናቸው ንጉሡ ላይ ነው፤ አምባው ላይ የነበረው ጭፍራ ከጀርባ ቆሞ ይቀራል።

እስቲ ጭፍራውን እንቁጠረው። በስቅለት ዕለት በአሮጌ ሜዳ ከፊታውራሪ ገብርዬ ጋር ሰባት መቶ ያህል ሰው አለቀ፤ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ያህል ቆሰለ። እንግሊዞቹ ሃያ ገደማ ቆስለውባቸው ከእነሱ ሁለቱ ሞቱ፤ ከኋላ የሚጎርሰው የስናይደር ጠመንጃ ሥራ ነው። ከዚያ በፊት ወደ ሰባት ቶን የሚጠጋውን ሴባስቶፖል የተባለውን የቴዎድሮስ መድፍ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ከጥቅምት እስከ መጋቢት የጎተቱ፣ መንገድ የጠረቡ ሰዎች ነበሩ። ገመዱን የያዘው ሰው ምን አለ? የእስረኞቹ የራሳም፣ የብላንክና የሚስዮናዊው ስተርን፣ ከጦሩ ጋር የመጡት የማርካምና የስታንሊ መጽሐፍ አለን፤ ይህን ጦርነት እስከ ዛሬ የምናየው በአብዛኛው በመጡብን ሰዎች ብዕር ነው። ኢስትውድ የተሸናፊውን ወረቀት ፈልጎ ከመሬት ሲያስወጣ፣ በመቅደላ የተሸናፊው ብራና በዝሆንና በበቅሎ ተጭኖ ደላንታ ላይ በጨረታ ተሸጠ፤ ወደ ሦስት መቶ ሃምሳ የሚሆነው የእንግሊዝ ሙዚየም ድርሻ ሆነ።

ስለዚህ «ጠላትም ሰው ነው» የሚለው ምክር ወደ እኛ ሲመጣ በተገላቢጦሽ መነበብ አለበት። የጠላታችንን ሰውነት ለማወቅ ችግር ኖሮብን አያውቅም፤ ስሙን፣ ቁርሱን፣ ሕመሙን ጽፎ አስነብቦናል። እርግጥ እሱም ቢሆን ሁሉንም አልጻፈም። ከእንግሊዙ አዛዥ ከናፒየር ጦር ብዙው ሕንዳዊ ነበር፤ በአሮጌ በሳንጃ የተዋጉት የፑንጃብ ወታደሮች ታሪክ በአዛዦቻቸው መጻሕፍት ውስጥ ሁለት አንቀጽ ቢደርሰው ነው። ኢስትውድም በደሴቱ ላይ የጉልበት ሥራ የተጫነባቸውን ኮሪያውያን ከፊልሙ አስቀርቷል።

ወረቀት ለሌለው ሰው ደብዳቤ ፈጥሮ ማስነበብ ግን ሐሰት ይሆናል። እዚህ ኃይሌ ገሪማ ከኢስትውድ ይልቅ ይጠቅመናል፤ «ዓድዋ» (እ.ኤ.አ. 1999) የቆመው በሽማግሌ አፍ፣ በዘፈንና በሥዕል ላይ ነው። ቀረርቶው፣ ፉከራው፣ የሙሾ አውራጇ ድምፅ ኢስትውድ በደብዳቤ የሠራውን ሥራ ሊሠሩ ይችላሉ፤ ሙሾ ሟቹን በሥራው፣ በከብቱና በልጆቹ እየጠራ ነው የሚያለቅስለት። እንዲህ ያለ የመቅደላ ፊልም የሚሠራ ቢገኝ ለቴዎድሮስ ከሁለት ትዕይንት በላይ ባይሰጥ እወዳለሁ፤ ሁለቱንም ገመድ ከያዘው ሰው ትከሻ በላይ፣ ከሩቅ። ሽጉጡንም ባናየው ይሻላል፤ ወሬው ከአምባው በታች ላለው ጭፍራ እንደ ደረሰው፣ አንዱ ለሌላው ሲነግረው ብቻ እንስማ።